ጥላሸት በቆዳ ላይ፦ የእንስሳት ጥቁር ንቅሳት ታሪክ

በጥቁር ቀለም የሚሠራ ንቅሳት ዋና ግብዓቱ ጥላሸት ነው። ከድስት ቂጥ የተፋቀ፣ ከኩራዝ ጭስ የተሰበሰበ ወይም ከተቃጠለ እንጨት የተገኘ ጥላሸት በውኃ ወይም በዘይት ተለውሶ በእሾህ፣ በአጥንት ወይም በመርፌ ጫፍ ከላይኛው የቆዳ ሽፋን አልፎ እንዲገባ ይደረጋል። የላይኛው ሽፋን በየጊዜው እየተቀረፈ ስለሚታደስ እዚያ የቀረ ቀለም አይበረክትም፤ ከሥሩ ያለው ሽፋን ግን የያዘውን አይለቅም። የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት የቀለሙን ቅንጣቶች እንደ ባዕድ ነገር ቆጥረው ይውጧቸዋል፤ ጥላሸት ካርቦን በመሆኑ ግን ሊያሟሟቸው አይችሉም። በፈረንሳይ የማርሴይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ቀለሙን የዋጠው ሕዋስ ሲሞት ቅንጣቱን ይለቀዋል፤ በቦታው የተተካው አዲስ ሕዋስ ደግሞ መልሶ ይውጠዋል። በዚህ ቅብብሎሽ ጥቁር ንቅሳት ሰውየው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ቆዳው እስካልበሰበሰ ድረስ ይዘልቃል። ታሪኩን ከ5,000 ዓመት ወዲህ መከታተል የተቻለውም ለዚህ ነው።

ይኸው አንድ ቀለም የአሣሣሉንም መንገድ ይወስናል። ነቃሹ አጋዘንን ከበሬ፣ ነብርን ከውሻ የሚለይበት ቡናማም ሆነ ቢጫ የለውም፤ ያለው መስመር፣ ሙሌት፣ ነጠብጣብና ሳይነካ የተተወ ቆዳ ብቻ ነው። ስለዚህ በጥቁር የተነቀሰ እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ ከጎን ይታያል፤ ቀንዱ፣ ጅራቱ፣ ምንቃሩ ወይም ጥፍሩ ይጋነናል፤ ጎኑ ወይ ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል ወይ በጌጥ ይሞላል። ትርጉሙን ግን ከምስሉ ብቻ ማንበብ አይቻልም። አንዱ እንስሳ በአንድ አገር የክብር፣ በሌላው የውርደት ምልክት ሆኖ ይገኛል። ልዩነቱ የሚመጣው ማን እንደነቀሰው፣ ተነቃሹ ወዶ ይሁን ተገዶ፣ ምስሉም በየትኛው የአካል ክፍል ላይ እንደዋለ ነው።

ከሚታወቁት ጥንታዊ ንቅሳቶች መካከል ስመ ጥር የሆነው እንስሳ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1991 በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር፣ በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ የተገኘውና «ኦትሲ» የተባለው ሰው ከ5,000 ዓመት በፊት የኖረ ሲሆን በገላው ላይ 61 ምልክቶች ተቆጥረዋል፤ ሁሉም ጭረቶችና መስቀለኛ መስመሮች ናቸው። ብዙዎቹ ያረፉት ወገቡን፣ ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን በመሳሰሉ በሚያምሙ ቦታዎች ላይ በመሆኑ ለሕመም ማስታገሻ ተብለው የተደረጉ ሳይሆኑ አይቀሩም።

የእንስሳ ምስል የተነቀሰው ኦትሲ በኖረበት ዘመን ገደማ በአፍሪካ ምድር፣ በዓባይ ዳርቻ ነው። በላይኛው ግብፅ ጌቤሊን ከተባለ ቦታ ከአሸዋ ውስጥ የወጡ አስከሬኖች ከ1900 ጀምሮ በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። ከእነርሱ አንዱ ዕድሜው ከ18 እስከ 21 የሚሆን ወጣት ነው፤ የሞተው ጀርባው ላይ ተወግቶ እንደሆነ በሲቲ ስካን ታውቋል። ሙዚየሙን የጎበኘ ሁሉ ይህን ወጣት ከመቶ ዓመት በላይ ሲያየው ኖሯል፤ በቀኝ ክንዱ ላይ ያለችውን ደብዛዛ ጥቁር ነገር ግን ማንም ቁም ነገር ብሎ አልተመለከታትም። በኢንፍራሬድ ብርሃን ስትመረመር ሁለት ቀንዳም እንስሳት ሆነው ተገኙ። ካርቦን ይህን ብርሃን ስለሚውጥ በዓይን የማይለይ ጥቁር ንቅሳት እንኳ በግልጽ ይወጣል። ውጤቱ በ2018 ሲታተም አስከሬኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3351 እስከ 3017 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚመደብ ተገለጸ። ይህም ግብፅ በአንድ ንጉሥ ሥር ከመጠቃለሏ በፊት ወይም በዚያው አካባቢ ማለት ነው።

ከሁለቱ እንስሳት አንዱ ረጅም ጅራትና ትልልቅ ቀንዶች ያሉት የዱር በሬ ነው። ሌላው የሰሜን አፍሪካ የዱር በግ ነው፤ በተቆለመመ ቀንዱና በጎበጠ ትከሻው ይታወቃል። ምስሎቹ በጥቂቱ ተደራርበዋል። ሁለቱም እንስሳት በዚያ ዘመን በሸክላ ዕቃዎችና በዓለት ሥዕሎች ላይ ደጋግመው ይታያሉ፤ በሬው ከወንድ ጉልበትና ከአለቅነት ጋር ተያይዞ የሚታይ ነበር። ነቃሹ ሸክላ ሠሪው የሚጠቀምበትን ቅርጽ ወደ ሰው ክንድ አሻገረው። ከዚያው ቦታ የተገኘችው ሴት ደግሞ በትከሻዋ ላይ አራት እባብ መሰል ጥምዝ ምልክቶች ነበሯት። ከዚህ ግኝት በፊት በጥንታዊት ግብፅ የሚነቀሱት ሴቶች ብቻ እንደነበሩ ይታመን ነበር፤ የወጣቱ ክንድ ያንን እምነት ሻረው።

በግብፅ ይህ ልማድ አልጠፋም። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ፣ የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉና የሚቀቡ ባለሙያዎች በሚኖሩባት በዴር ኤል መዲና መንደር አንዲት ሴት ከ30 በላይ ንቅሳት ነበራት። አርኪዮሎጂስቷ አን ኦስቲን ይህን የደረሰችበት በ2014 ነው። በሴትየዋ ክንድ ላይ ላሞች፣ በአንገቷ ላይ የተቀመጡ ዝንጀሮዎች፣ በወገቧ ላይ የሎተስ አበቦች፣ በጀርባዋና በትከሻዋም የሆረስ ዓይኖች ይታያሉ። ላም የሐቶር እንስሳ ናት፤ ሐቶር የእናትነት፣ የሙዚቃና የደስታ አምላክ ነበረች። ከንቅሳቶቹ ብዙዎቹ ከልብስ ውጭ በሚታይ ቦታ ላይ ስለሆኑ ሴትየዋ በአምልኮ ውስጥ ልዩ ድርሻ የነበራት ትመስላለች። በጌቤሊኑ ወጣት ላይ በሬው የሰውየውን ጉልበት ቢናገር፣ እዚህ ላሟ የምትናገረው ሴትየዋ የማን አገልጋይ እንደሆነች ነው።

የጥንቱ ዓለም የእንስሳት ንቅሳት ወደር ያልተገኘለት ደረጃ የደረሰው ግን በሳይቤሪያ ደቡብ፣ በአልታይ ተራሮች በኖሩ ፈረሰኛ ዘላኖች እጅ ነው። ፓዚሪክ በተባለ ሸለቆ ስም የሚጠሩት እነዚህ ሕዝቦች አለቆቻቸውን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛውና በሦስተኛው መቶ ዓመት መካከል በትልልቅ የድንጋይ ጉብታዎች ሥር ይቀብሩ ነበር። ወደ መቃብሩ የገባው ውኃ በረዶ ሆኖ ሳይቀልጥ በመቅረቱ እንጨቱ፣ ጨርቁ፣ ኮርቻውና የሰው ቆዳ ሳይበሰብስ ቆየ። ሩሲያዊው አርኪዮሎጂስት ሰርጌይ ሩዴንኮ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛውን ጉብታ ሲከፍት የአንድ በዕድሜ የገፋ፣ ደንዳና አለቃ አስከሬን አገኘ። እጆቹና ትከሻው በአውሬዎች ተሸፍነዋል፤ ከቀኝ ጉልበቱ በታች እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ አንድ ዓሣ ወርዷል። በወገቡ አከርካሪ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ነጠብጣቦች ብቻ ጌጥ አይመስሉም፤ እንደ ኦትሲ ጭረቶች ለሕክምና የተደረጉ እንደሆኑ ይገመታል።

ናታልያ ፖሎስማክ በ1993 በዑኮክ አምባ ከበረዶ ያወጣቻት ሴት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ታዋቂ ሆናለች። ዕድሜዋ 25 ገደማ ነበር፤ ከግንድ በተፈለፈለ የሬሳ ሣጥን ተኝታ፣ ስድስት ፈረሶች ከኮርቻቸው ጋር አብረዋት ተቀብረዋል። በግራ ትከሻዋ ላይ ያለው እንስሳ በተፈጥሮ የለም። አካሉ የአጋዘን፣ አፉ የአሞራ ምንቃር፣ ቀንዱ የዋልያ ዓይነት ነው፤ የቀንዱ ቅርንጫፎችም በየጫፋቸው በትንንሽ የአሞራ ራሶች ያልቃሉ። የፊት እግሮቹ ለመሮጥ ሲዘረጉ ከወገቡ በታች ያለው ግማሽ አካሉ ወደ ሰማይ ተጠምዝዟል። ይህ ጠመዝማዛ አካል የፓዚሪክ ጥበብ መለያ ነው፤ በኮርቻ ልብስ፣ በእንጨት ቅርጽና በወርቅ ላይም ይገኛል። በቆዳ ላይ ግን ሌላ ጥቅም ነበረው፤ እንስሳው የክንድን ክብነት ተከትሎ እንዲጠመጠም አድርጎታል። እጁ ሲንቀሳቀስ አውሬውም አብሮ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀለም ብቻ ያለው ነቃሽ ከዚህ የተሻለ ብልሃት አግኝቶ አያውቅም ማለት ይቻላል።

የፓዚሪክ ሰዎች ጽሑፍ ስላልነበራቸው የአውሬዎቹን ትርጉም በቃላቸው አልተውልንም። ምስሎቹ ራሳቸው የሚሉት ነገር ግን አለ። ነጣቂ አውሬ ቀንዳሙን ሲይዝ የሚያሳየው ትዕይንት ይደጋገማል፤ የሰማዩ አሞራ፣ የምድሩ አጋዘንና የውኃው ዓሣ በአንድ ገላ ላይ ይገናኛሉ። ንቅሳቶቹ ከወርቁና ከፈረሶቹ ጋር በአለቆች መቃብር መገኘታቸው የማዕረግ ምልክትነታቸውን ያጠናክራል።

በዚያው ዘመን ግሪኮች ከዚህ ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ልማድ ነበራቸው። ሄሮዶቱስ እንደጻፈው በሰሜን ጎረቤታቸው በትሬስ የተነቀሰ ሰው ጨዋ፣ ያልተነቀሰ ሰው ተራ ነበር። ግሪኮች ግን የሚነቅሱት ባሪያን፣ ወንጀለኛንና የጦር ምርኮኛን ነበር። አቴና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ440 አካባቢ ከሳሞስ ደሴት ጋር በተዋጋች ጊዜ የሆነውን ፕሉታርክ ተርኮታል፤ አቴናውያን የሳሞስ ምርኮኞችን ግንባር በመርከብ ምስል ምልክት አድርገውባቸው ነበር፣ የሳሞስ ሰዎች ደግሞ በበቀል የአቴናን ምርኮኞች ግንባር በጉጉት ምልክት አደረጉባቸው። ጉጉት የአቴና ጠባቂ አምላክ ወፍ፣ በከተማዋ የብር ገንዘብ ላይ የምትታተም የኩራት ምልክት ነበረች። ጠላት በግንባር ላይ ሲነቅሳት ግን ምርኮኛው ዕድሜ ልኩን የሚሸከማት ውርደት ሆነች። ሮማውያን ይህን የቅጣት ልማድ ወረሱ፤ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ሰው በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ ስለሆነ የወንጀለኛ ፊት እንዳይነቀስ በሕግ ከለከለ። እጅና እግርን ግን አልከለከለም።

በአትላንቲክ ማዶ፣ ከዚህ ሁሉ ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው፣ በፔሩ የባሕር ዳርቻ የሞቼ ሕዝብ ራሱን የቻለ ባህል ነበረው። በ2000ዎቹ አጋማሽ በኤል ብሩሆ ከበርካታ የጨርቅ ጥቅል ውስጥ የወጣችው «የካኦ እመቤት» በክንዷና በእግሯ ላይ እባቦችና ሸረሪቶች ተነቅሳ ነበር። የኖረችው ከ1,600 ዓመት በፊት ገደማ ነው፤ ከጦር መሣሪያና ከዘውድ ጋር በመቀበሯ ገዥ እንደነበረች ይታመናል። በሞቼ ጥበብ ሸረሪት የሰው ራስ ይዛ የምትታይ የመሥዋዕት ፍጥረት ነች፤ እባብም ከአማልክት መታጠቂያ አይጠፋም። ግኝቱ ሴት በዚያ ምድር ልትገዛ አትችልም የሚለውን አስተሳሰብ አናግቷል።

ክርስትና፣ እስልምናና አይሁድነት በተስፋፉባቸው አገሮች የእንስሳ ምስል ከቆዳ ላይ እየራቀ ሄደ። ዘሌዋውያን 19፥28 ገላን መነቀስ ይከለክላል። ቢሆንም መነቀስ ራሱ አልቆመም፤ የተለወጠው ምስሉ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ አገር ሴቶች በግንባራቸው መስቀል፣ በአንገታቸው የተደረደሩ የጌጥ መስመሮች ይነቀሱ ነበር፤ ድድን ማጥቆርም የውበት ወግ ነበር። ሥራው የሚሠራው በዚያው በጥላሸትና በእሾህ ወይም በመርፌ ነው፤ እንስሳ ግን ከዋና ዋናዎቹ ቅርጾች መካከል አልነበረም። በኢየሩሳሌም የግብፅ፣ የአርመን፣ የሶርያና የኢትዮጵያ ምእመናን ለመሳለማቸው ማስረጃ ንቅሳት ይወስዱ ነበር። ነቃሹ ከእንጨት የተቀረጸ ማኅተም በቀለም ነክሮ በክንድ ላይ ያትምና መስመሩን በመርፌ ይከተላል። ከእነዚህ ማኅተሞች አንዱ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ሆኖ ደራጎኑን ሲወጋ ያሳያል። ፈረሱና ደራጎኑ እዚያ የገቡት በሰማዕቱ ምክንያት ነው፤ ለብቻቸው የሚነቀሱ እንስሳት አልነበሩም።

በእስያ ደቡብ ምሥራቅና በፓሲፊክ ደሴቶች ግን እንስሳው ዋነኛነቱን እንደያዘ ኖረ። በሳሞአ የወንዶች ትልቁ ንቅሳት ከወገብ እስከ ጉልበት ይወርዳል፤ የሚጠራውም በትልቁ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ ስም ነው። ጭኑን የሸፈነው ጥቁር ሙሌት የታጠፈ የሌሊት ወፍ ክንፍን ያስታውሳል እንጂ ዓይንም ጆሮም የተሣለበት ወፍ የለም። በትንንሾቹ ጌጦች ውስጥም የመቶ እግርና የባሕር ወፍ ዱካ በመስመር ብቻ ይወከላሉ። ነቃሹ ከከርከሮ ጥርስ ወይም ከአጥንት የተሠራ ማበጠሪያ መሰል መሣሪያ በጥላሸት ነክሮ በትንሽ ዱላ እየመታ ያስገባዋል። ሥራው ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን ይፈጃል፤ ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ለራሱም ለቤተሰቡም ኀፍረት ነው። የካፒቴን ኩክ መርከብ በ1769 ታሂቲ ስትደርስ አብሯት የነበረው የዕፅዋት ተመራማሪ ጆሴፍ ባንክስ ከቅባታም ፍሬ ጭስ የሚገኘውን ይህን ቀለምና አነቃቀሱን በዝርዝር መዝግቧል።

በቦርኒዮ ደሴት የካያን ሕዝብ ውሻና ዘንዶ የተቀላቀለበትን ፍጥረት በእጁና በጭኑ ይነቀሳል፤ የዚያው ደሴት ሌላ ሕዝብ የሆኑት ኢባኖች ደግሞ ጊንጥን ወደ ጥምዝ ጌጥ ለውጠውታል። በፊሊፒንስ ካሊንጋ የእባብ ቅርፊትና መቶ እግር ከክፉ ነገር ይጠብቃሉ ተብለው በተዋጊዎች ደረትና በሴቶች ክንድ ላይ ይሠሩ ነበር። በ1917 የተወለደችው ዋንግ ኦድ ይህን ሙያ ከአባቷ ተምራ በሎሚ ዘር ዛፍ እሾህና በጥላሸት ስትሠራ ኖራለች፤ በ2023 የአንድ ታዋቂ የፋሽን መጽሔት የፊሊፒንስ እትም ፎቶዋን በሽፋኑ ላይ ሲያወጣ 106 ዓመቷ ነበር። በበርማ ወንዶች ከወገብ እስከ ጉልበት በዝሆን፣ በዝንጀሮና በታይገር ምስሎች ይሸፈኑ ነበር፤ ያልተነቀሰ ጭን የወንድ ጭን አይባልም ነበር። በታይላንድ መነኮሳትና ሊቃውንት ከሚነቅሷቸው ምስሎች አንዱ ሁለት ታይገሮች በጥንታዊ የክመር ፊደል ጸሎት ተከብበው የሚታዩበት ነው። እዚያ ምስሉ ብቻውን ኃይል የለውም፤ መነኩሴው ጸልዮ እፍ ካላለበት፣ ተነቃሹም የተሰጠውን ትእዛዝ ካልጠበቀ ታይገሩ አይጠብቀውም።

ጃፓን የዚህን ታሪክ ሁለቱንም ጫፎች በአንድ ዘመን ይዛለች። በ1720 የኤዶ መንግሥት ንቅሳትን የወንጀል ቅጣት አደረገው። ምልክቱ እንደየግዛቱ ይለያያል፤ በሂሮሺማ አካባቢ የነበረው ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ሌባ በመጀመሪያ ሲያዝ በግንባሩ ላይ አንድ አግድም መስመር ይደረግበታል፤ ሲደግም ሌላ መስመር ይጨመራል፤ በሦስተኛው ጊዜ የመጨረሻዎቹ ጭረቶች ሲገቡ «ውሻ» የሚለው የጽሑፍ ምልክት ይሞላል። ሰውየው ከዚያ በኋላ የትም ቢሄድ በውሻነት ይነበባል። የተቀጡት ሰዎች ምልክቱን ለመሸፈን ሰፋ ያለ ጌጥ ያስነቅሱ እንደነበር ይነገራል።

በዚያው ኤዶ ከተማ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ሠዓሊው ኡታጋዋ ኩኒዮሺ በ1827 የአንድ የቻይና ልብ ወለድ ጀግኖችን በተከታታይ የእንጨት ሕትመት ማውጣት ጀመረ። ጀግኖቹ ለተበደለ የሚቆሙ ሽፍቶች ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ ሺ ጂን ዘጠኝ ዘንዶ የተነቀሰ ነው። ኩኒዮሺ ጀርባቸውን በዘንዶ፣ በታይገርና በአንበሳ ሞላው። ሕትመቱ ርካሽ በመሆኑ በሠራተኛው ሕዝብ እጅ ገባ፤ ተሸካሚው፣ አናጢው፣ በተለይም የእሳት አደጋ ሠራተኛው በወረቀት ያየውን በጀርባው ላይ ያስነቅስ ጀመር። ከተማዋ ከእንጨት የተሠራች፣ እሳት በየጊዜው የሚበላት ነበረች። በሩቅ ምሥራቅ ዘንዶ ዝናብ አምጪ፣ የውኃ ጌታ ነው፤ ስለዚህ ወደ እሳት የሚገባ ሰው ዘንዶ ለብሶ ይገባል። የካርፕ ዓሣም በብዛት ተነቀሰች፤ ፏፏቴውን ሽቅብ የወጣች ካርፕ ዘንዶ ትሆናለች የሚለው አፈ ታሪክ ለድሃ ልጅ ብርታት የሚሰጥ ነውና።

የጃፓን ነቃሾች ቀለም ከጥድ ወይም ከዘይት ጥላሸት በሙጫ ተሠርቶ ለጽሕፈት የሚያገለግለው ጥቁር ነው። ቆዳ ውስጥ ሲገባ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ይመስላል፤ ብርሃን ከጥቁሩ በላይ ባለው ቆዳ ውስጥ ሲበተን ሰማያዊው ይበልጥ ወደ ዓይን ስለሚመለስ ነው። በቀርከሃ እጀታ ላይ የታሰሩ መርፌዎችን በእጅ እየገፉ ነቃሾቹ ከድፍን ጥቁር እስከ ቀጭን ግራጫ የሚሳሳ ጥላ ማውጣት ቻሉ። የዘንዶው ቅርፊት አንድ በአንድ ከሥሩ ጠቁሮ ወደ ጫፉ እየፈካ ይሄዳል፤ በዙሪያው ያለው ደመናና ማዕበል ደግሞ በድፍን ጥቁር ስለሚሞላ አውሬው ከጀርባ ላይ ተነሥቶ የወጣ ያህል ይታያል። ከፓዚሪክ ወዲህ ጥቁር ቀለም እንደዚህ ጥልቀት አግኝቶ አያውቅም። የሜይጂ መንግሥት በ1872 ንቅሳትን ሲከለክል ምክንያቱ በምዕራባውያን ፊት ኋላ ቀር መባልን መፍራት ነበር። ምዕራባውያኑ ግን ንቅሳቱን ፍለጋ መጡ፤ በኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የሆነው ልዑል በ1881፣ የሩሲያው አልጋ ወራሽ ኒኮላስም በ1891 በጃፓን ክንዳቸው ላይ ዘንዶ አስነቅሰዋል። ክልከላው የተነሣው በ1948 ነው።

ኒኮላስ ጃፓን በደረሰበት በዚያው በ1891 ኒው ዮርክ ውስጥ ሳሙኤል ኦሬይሊ በኤሌክትሪክ ለሚሠራ የመነቀሻ መሣሪያ የፈጠራ መብት አገኘ። መነሻው ቶማስ ኤዲሰን በ1876 ለጽሑፍ ማባዣ የሠራው የኤሌክትሪክ ብዕር ነበር። ከዚያ ቀደም ሰዓታት ይወስድ የነበረው ሥራ በደቂቃዎች ማለቅ ጀመረ፤ ዋጋውም መርከበኛው የሚችለው ሆነ። የመርከበኞች እንስሳት እያንዳንዳቸው የታወቀ ትርጉም ነበራቸው። ጅራቷ ለሁለት የተሰነጠቀች ትንሿ ተሰዳጅ ወፍ 5,000 የባሕር ማይል፣ ማለትም ከ9,000 ኪሎ ሜትር በላይ ለተጓዘ ትነቀሳለች፤ ከረጅም ስደት ወደ ቤቷ ስለምትመለስም መልካም ገድ ነች። ኤሊ የምድር ወገብን ለተሻገረ ነው። በእግር ላይ የሚነቀሱት አሳማና አውራ ዶሮ ከመስጠም ያድናሉ ይባላል፤ መርከብ ሲሰበር እነዚህ እንስሳት የተጫኑባቸው የእንጨት ሣጥኖች ተንሳፍፈው ዳር ይደርሱ ነበርና። አሣሣሉ ወፍራም ጥቁር ዳር መስመርና በግማሽ የሚሞላ ጥቁር ጥላ ነው። በሆኖሉሉ የሠራው ኖርማን ኮሊንስ (1911–1973) ይህን አሠራር ከጃፓን ነቃሾች ጋር ደብዳቤ እየተጻጻፈ አጠናከረው፤ ወዳጁ ኤድ ሃርዲም በ1973 ወደ ጃፓን ሄዶ ከነቃሽ ዘንድ ተማረ።

ሃያኛው መቶ ዓመት ለጥቁር ንቅሳት የሰጠው ሌላው ቤት እስር ቤት ነው። በሶቪየት እስር ቤቶች ቀለሙ ከተቃጠለ የጫማ ሶል ጥላሸት ይገኝ ነበር። እንስሳቱ እንደ መታወቂያ ወረቀት ይነበቡ ነበር፤ ድመት የሌባ ሙያ ምልክት ነች፣ በድር ላይ ያለች ሸረሪትም ስለ ባለቤቷ ሁኔታ ትናገራለች። ያልተገባውን ምልክት የተነቀሰ እስረኛ በሌሎቹ ይቀጣ ነበር። በሌኒንግራድ የእስር ቤት ጠባቂ የነበረው ዳንትሲግ ባልዳዬቭ (1925–2005) እነዚህን ምልክቶች በሺዎች እየሣለ ባያስቀር ኖሮ ብዙዎቹ ከባለቤቶቻቸው ጋር በጠፉ ነበር።

በካሊፎርኒያ እስር ቤቶች ደግሞ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው እስረኞች ከካሴት ማጫወቻ ሞተርና ከጊታር ክር መሣሪያ ሠሩ። ያላቸው ጥቁር ቀለም ብቻ ስለነበር በውኃ እያቀጠኑ ግራጫ አወጡ፤ ከአንድ ክር የሚወጣው ቀጭን መስመርም ፀጉርን በፀጉር ለመሣል አስቻለ። በ1975 ቻርሊ ካርትራይትና ጃክ ሩዲ በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ይህን ዘዴ ወደ ሱቅ አስገቡት፤ በእስር ቤት የተማረው ፍሬዲ ኔግሬቴ በ1977 ተቀላቀላቸው። ዛሬ በየአገሩ የሚታየው ጋማው በነፋስ የሚበተን አንበሳ፣ እርጥብ አፍንጫ ያለው ተኩላ፣ ላባው የሚቆጠር ንስር፣ ፎቶግራፍ የሚመስለው ግራጫ ሁሉ የዚህ ዘዴ ልጅ ነው። ድህነት ያስገደደው ጥበብ ነበር፤ ቀለም ሁሉ በሞላበት ሱቅ ውስጥ ሲገባም ተፈላጊነቱ አልቀነሰም።

በ1982 ኤድ ሃርዲ የራሱን የንቅሳት መጽሔት የመጀመሪያ እትም ለቦርኒዮና ለፓሲፊክ ድፍን ጥቁር ንቅሳት ሰጠው፤ ነቃሹ ሊዮ ዙሉዌታም በዚህ ስልት ስሙ ገነነ። በ1990ዎቹ ዘንዶ፣ እንሽላሊትና ታይገር በሹል ጥቁር ቅጠል መሰል ቅርጾች በአሜሪካና በአውሮፓ ትከሻዎች ላይ ተስፋፉ። አብዛኞቹ ለባሾች የካያን ውሻ ለምን ጭን ላይ እንደሚሠራ፣ የሳሞአው የሌሊት ወፍ ምን ዓይነት ግዴታ እንደሚያስከትል አያውቁም ነበር፤ የባህሉ ባለቤቶች ቅሬታም ከዚህ የተነሣ ተገቢ ነው። ቀጥሎ የመጣው ትውልድ ወደ ነጠብጣብና ጂኦሜትሪ አዘነበለ፤ የአጋዘን ራስ ግማሹ በተፈጥሮው፣ ግማሹ በሦስት ማዕዘንና በክብ ይሣላል። ትርጉሙን የሚመርጠው አሁን ተነቃሹ ራሱ ነው። በኢትዮጵያና በውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች፣ በራስተፈሪያንም ዘንድ የይሁዳ አንበሳ በጥቁር ይነቀሳል፤ የእናቶች አንገት ላይ እንስሳ ባልነበረበት አገር አንበሳው ከሰንደቅ ዓላማና ከዙፋን ወደ ክንድ መሻገሩ አዲስ ነገር ነው።

ሕጉም ከዘመኑ ጋር ተንቀሳቅሷል፤ የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 ንቅሳት የሕክምና ሥራ ስላልሆነ ነቃሽ የሐኪም ፈቃድ አያስፈልገውም ብሎ ወሰነ። የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2022 ጀምሮ በንቅሳት ቀለሞች ውስጥ ከ4,000 በሚበልጡ ኬሚካሎች ላይ ገደብ ጣለ።

በ2025 ደግሞ ጥናቱ ወደ ፓዚሪክ ተመለሰ። ጂኖ ካስፓሪና ባልደረቦቹ በሴንት ፒተርስበርግ ሄርሚታጅ ሙዚየም ያለችን የ50 ዓመት ገደማ ሴት አስከሬን በረቂቅ የኢንፍራሬድ ፎቶግራፍ አንሥተው በእጆቿ ላይ ያለውን ሁሉ ሣሉ፤ ታይገሮችና ነብር አጋዘኖችን ሲይዙ፣ በእጇ ላይም ወፍ። በጥንታዊ መሣሪያዎች አሠራር ልምድ ያለው ነቃሽ የጥናቱ ተሳታፊ ነበር። የቀኝ ክንዷ ሥራ መስመሩ የጠራ፣ አውሬዎቹ የክንዱን ዙረት በደንብ የተከተሉ ናቸው፤ የግራው ግን ሻካራ ነው። ስለዚህ ሁለት ነቃሾች ሠርተውበታል፣ ወይም አንዱ ነቃሽ በተለማማጅነቱና በሙያው ከበሰለ በኋላ ሠርቶታል ብለው ደምድመዋል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ነጥብ የሚወጋ ባለብዙ ጫፍ መሣሪያና ለቀጭኑ ቦታ አንድ ጫፍ ያለው መሣሪያም ተለይተዋል። አስከሬኑን ለቀብር ያዘጋጁት ሰዎች ቆዳውን ሲሰነጥቁ ለንቅሳቱ አልተጠነቀቁም፤ ስለቱ አውሬዎቹን አቋርጦ አልፏል። አጥኚዎቹ ከዚህ የተረዱት የአውሬዎቹ ሥራ ለሕያው ሰው እንደነበረና ባለቤቷ ስትሞት እንዳበቃ ነው።